«ሕጉ አይከለክልም» ለሚሉ ወንዶች



ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዐቢይ ጾም ወራት፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚጓዝ ሚኒባስ ውስጥ ከአጠገቤ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ፣ ካህን መሆኔን ከአንገቴ መስቀል ተረድቶ፣ ውርጌሳን እስክናልፍ ድረስ ስለ ዝናቡ መዘግየትና ስለ ጤፍ ዋጋ ሲያጫውተኝ ቆየ። መርሳ ደርሰን ሹፌሩ ተሳፋሪ ለማውረድ በቆመ ጊዜ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ በአስፋልቱ ዳር ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ በር ላይ የተቀመጡ ሦስት ወጣት ሴቶችን በአገጩ እያመለከተ፣ «አባ፣ እንደው ልጠይቅዎና፣ ይህ ነገር በሕግ ያስከስሳል?» አለኝ።

«ማንን?» አልሁት።

«እነርሱን ነዋ።»

«የሚከፍለውንስ?» ብለው ጥቂት ዝም አለና ፈገግ ብሎ፣ «እርሱንማ ማን ይከሰዋል! እኔ የሕግ ሰው ጠይቄአለሁ፤ ሕጉ አይከለክልም» አለኝ።

(አንባቢ እንዳይሳሳት እነግረዋለሁ፤ ይህ በምስጢረ ንስሐ የተነገረ ቃል አይደለም። በንስሐ የሰማሁት ቢሆን ኖሮ ከእኔ ጋር ወደ መቃብር ይወርድ ነበር እንጂ በዚህ ገጽ ላይ አይወጣም ነበር። ሰውየውም ስሙን ሳልጠቅስ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል።)

ያን ዕለት የሚገባውን መልስ አልሰጠሁትም። ወልድያ መናኸሪያ ደረስን፤ ዕቃችንን ተቀበልን፤ በሰላም ተለያየን። «ሕጉ አይከለክልም» የምትለው ቃል ግን ከእኔ ጋር ቀረች። ከዚያ በፊትም ሰምቻት ነበርና። ከሹፌርም ከነጋዴም፣ ከተማረም ካልተማረም፣ በእሑድ ቅዳሴ ከፊቴ ከሚቆሙት ከአንዳንዶቹም አፍ ሰምቻታለሁ። በዚህ ጽሑፍ ያን ጊዜ ያልሰጠሁትን መልስ ለመስጠት እሞክራለሁ። የምናገረውም ለወንዶች ነው፤ ለሴቶቹማ ሲሰበክላቸው፣ ይልቁንም ሲሰበክባቸው፣ ዘመናት አልፈዋል።

በመጀመሪያ የሰውየውን ቃል በቅን ልብ እንመርምረው። ልክ ነውን? በከፊል ልክ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣውና ስዊሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ገላዋን ለገንዘብ መስጠቷን በራሱ ወንጀል አላደረገውም፤ ገንዘቡን የሚከፍለውንም ወንድ በዚህ ምክንያት ብቻ አልቀጣም። የቀጣው በመካከል የሚገባውን ሦስተኛ ሰው ነው፤ ይኸውም በሌላው ሰው ገላ እየነገደ የሚኖረውን፣ አገናኙን ደላላና ለዚሁ ተግባር ቤት ከፍቶ የሚያስተዳድረውን ነው። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ይህንኑ መንገድ ተከትሎ፣ በአንቀጽ 634 ደላላውንና ባለቤቱን በቀላል እስራትና በመቀጮ እንዲቀጡ ደነገገ። በሁለቱ ሕጎች መካከል አገራችን በ1973 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1949 ያጸደቀውን፣ በሰው መነገድንና በሌላው ሴተኛ አዳሪነት መጠቀምን ለማጥፋት የተደረገውን ስምምነት ተቀብላለች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 በማናቸውም ዓላማ በሰው መነገድን ከልክሏል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 ደግሞ ሰውን ለብዝበዛ የሚነግድ ከ7 እስከ 15 ዓመት፣ ተጎጂው ሕፃን በሆነ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በገንዘብ መቀጮ እንዲቀጣ ያዝዛል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ደላላው አለ፤ ባለ ቤቱ አለ፤ ነጋዴው አለ። ሴቲቱም ብትሆን ፈጽማ አልተረሳችም፤ በአደባባይ ነውር በሆነ አኳኋን ሰውን የሚያባብል በደንብ መተላለፍ በአንቀጽ 846 ይቀጣልና፣ መንገድ ላይ የምትቆመው ደግሞ እርሷ ናት። የሌለው ከፋዩ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1999 ከፋዩን የሚቀጣ፣ ሴቲቱን ግን የማይነካ ሕግ አወጣች፤ ፈረንሳይም በ2016 ተከተለቻት። ሆላንድ በ2000 ተቃራኒውን መርጣ ቤቱ በፈቃድ እንዲሠራ አደረገች። እኛ ከሁለቱም ወገን አልሆንንም፤ ስለ ከፋዩ ዝም አልን። የትኛው ሕግ ለአገራችን እንደሚበጅ መወሰን የሕግ አውጪዎች ፋንታ ነው። የእኔ ጉዳይ ይህ ዝምታ በወንዶች ኅሊና ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው።

ዝምታውን አንዳንድ የተማሩ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን አባቶች ቃል ሳይቀር ሊደግፉት ይሻሉ። በዘርዐ ክህነት ሳለን እኛም ተከራክረንበታል። ቅዱስ አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ386 ዓ.ም. ስለ ሥርዐት በጻፈው መጽሐፍ፣ አመንዝራ ሴቶች ከኅብረተሰቡ ፈጽመው ቢወገዱ ፍትወት ሁሉን ነገር ያናውጠዋል የሚል አሳብ አስፍሮ ነበር (ይህን በጻፈ ጊዜ ገና እንዳልተጠመቀ ማስታወስ ይገባል)። ቅዱስ ቶማስ ዘአኩዊኖም ይህን ጠቅሶ፣ አገር የሚያስተዳድሩ ሰዎች የባሰ ክፋት እንዳይመጣ ብለው አንዳንድ ክፋትን እንደሚታገሡ አስተማረ። በሌላም ስፍራ፣ የሰው ሕግ የሚወጣው ፍጹማን ላልሆኑ ለብዙዎች ስለሆነ ክፉውን ሁሉ ሊከለክል አይችልም፤ የሚከለክለው ይልቁንም የከበደውንና ሌላውን የሚጎዳውን ነው ይላል። ያን ጊዜ ይህ ትምህርት ለወንዶች ማምለጫ በር የሚከፍት መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን በአማርኛችን «ገዥ» የሚለው ቃል እንዳያሳስተን መጠንቀቅ እንዳለብን ተረዳሁ፤ አገር የሚያስተዳድረውም ዕቃ የሚሸምተውም «ገዥ» ይባላልና። ቅዱስ ቶማስ ትዕግሥትን የፈቀደው ለአገር ገዥው ነው። ለሸማቹ አንዳች አልፈቀደለትም፤ እርሱንማ ዝሙት የሞት ኃጢአት መሆኑን በግልጽ አስተምሮታል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 በተናገረው ምሳሌ ባለ እርሻው እንክርዳዱ እስከ መከር ድረስ ከስንዴው ጋር እንዲያድግ ተወው፤ እንክርዳዱ ግን በመተዉ ስንዴ አልተባለም።

ከዚህም በላይ የሕጉ ዝምታ ሰውየው እንዳሰበው ሰፊ አይደለም። ከፋዩ ባለ ትዳር ከሆነ አንቀጽ 652 ይመለከተዋል። አመንዝራነት ዛሬም በኢትዮጵያ ወንጀል ነው፤ ክሱ የሚቀርበው ግን የተበደለው ባል ወይም የተበደለችው ሚስት ስታመለክት ብቻ ነው። ገንዘብ መክፈሉ ከዚህ አያወጣውም። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን አቤቱታ ይዛ ፖሊስ ጣቢያ የሄደች ሚስት በአካባቢያችን አላጋጠመችኝም። የሚሄዱት ወደ ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌውም ወንድ ነው።

ከፍሎ የገባ ሰው ሴቲቱ እምቢ ባለች ጊዜ በኃይል ወይም በከባድ ዛቻ ቢያስገድዳት አስገድዶ መድፈር ነው፤ አንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያዝዝበታል። አንቀጹ በምን ሥራ ትተዳደራለች ብሎ አይጠይቅም። «ከፍያለሁ» የሚል መከላከያም በሕጉ ውስጥ የለም። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ እንዲህ ያለ በደል የደረሰባት ሴት «ማን ይሰማኛል» ብላ ስለምትቀር፣ ወንዱም ይህን ስለሚያውቅ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የዕድሜ ነገር ነው። አንቀጽ 626 ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነ ልጅ ጋር ሩካቤ የፈጸመውን ሰው ከ3 እስከ 15 ዓመት፣ አንቀጽ 627 ደግሞ ልጅቱ ከ13 ዓመት በታች ስትሆን ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። በዚህ ስፍራ የልጅቱ «እሺ» ማለት ዋጋ የለውም፤ የተከፈለውም ገንዘብ እንዲሁ። እንግዲህ እጠይቃለሁ፤ በመርሳና በወልድያ አስፋልት ዳር የሚቀመጡት ልጆች ስንት ዓመታቸው ነው? ያነጋገርኋቸው ሁሉ «አሥራ ዘጠኝ» ይሉኛል። ሁሉም አሥራ ዘጠኝ! ቁጥሩን ያስጠናቸው ሰው አንድ ሳይሆን አይቀርም። አንዳንዷን ግን ስለ ትምህርቷ ስጠይቃት ሰባተኛ ክፍልን ያቋረጠችው «አምና» እንደሆነ ትነግረኛለች፤ እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። ወንዱ ይህን ሒሳብ አይሠራም። ኋላ ሲጠየቅ «አላወቅሁም» ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ያላወቀው ማወቅን ስላልፈለገ ነው። በገበያ በሬ ሲገዛ ግን አፉን ከፍቶ ጥርሱን ሳይቆጥር ገንዘቡን ከኪሱ አያወጣም።

ከየት እንደሚመጡም እናውቃለን። ያለ ዕድሜዋ ልትዳር ሌሊት ከቤት የጠፋች አለች። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን በመለሰች ጊዜ ባዶ እጇን ተመልሳ፣ ለጉዞው የተበደረውን አባቷን ፊት ማየት ያፈረች ነበረች። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በወልድያና በመርሳ ሲያልፍ ቤቷና ሱቋ የተዘረፈባት፣ ወይም ከወለጋ ተፈናቅላ በሀብሩ ጃራ የተጠለለች አለች። መንገዱ ደግሞ አንድ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚያልፈው ይኸው አስፋልት በወልድያ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጎንደር ይታጠፋል፤ ጭነት መኪናውም ሌሊቱን የሚያድረው እዚሁ ነው።

አሁን ወደ ሌላ መንገድ ዳር ልውሰዳችሁ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 38 የያዕቆብ ልጅ ይሁዳ ሚስቱ ከሞተች በኋላ በጎቹን ሊሸልት ወደ ተምና ወጣ። በመንገድ ዳር፣ በኤናይም መግቢያ፣ ፊቷን የተሸፈነች ሴት ተቀምጣ አየ። ምራቱ ትዕማር እንደሆነች አላወቀም፤ ሁለት ልጆቹን በተራ አግብታ ሁለቱም ሞተውባት፣ ሦስተኛውን ሴሎምን እሰጥሻለሁ ብሎ ወደ አባቷ ቤት የሰደዳትና የረሳት ሴት ነበረች። ዋጋ ተነጋገሩ፤ ከመንጋው አንድ የፍየል ጠቦት። ጠቦቱ በእጁ ስላልነበረ መያዣ ጠየቀችው፤ ማኅተሙን ከነማሰሪያው፣ በእጁም የያዘውን በትር ሰጣት። ማኅተምና በትር የሰው ስሙና ሥልጣኑ ናቸው፤ ዛሬ መታወቂያውንና የቢሮውን ማኅተም እንደማስያዝ ነው። ኋላ ጠቦቱን በወዳጁ እጅ ቢልክ ሴቲቱ ጠፋች። ይሁዳም መሳቂያ እንዳንሆን ትውሰደው ብሎ ነገሩን ተወው። የፈራው ኃጢአቱን አይደለም፤ የሰው ሳቅን ነው።

ሦስት ወር ያህል ካለፈ በኋላ ምራትህ አመንዝራ ጸነሰች ብለው ነገሩት። ይህ ሰው በዚያ ጊዜ ምን አለ? አውጧትና ትቃጠል አለ። በመንገድ ዳር ከፋይ የነበረው በቤቱ ዳኛ ሆነ። እርሷም እየወሰዷት ሳለ ማኅተሙንና በትሩን ላከችለት፤ የእነዚህ ባለቤት ነው ያጸነሰኝ፣ የማን እንደሆኑ ተመልከት አለችው። ይሁዳ አወቃቸው፤ ከእኔ ይልቅ እርሷ ጻድቅ ናት ብሎም መሰከረ። ትዕማር መንታ ወለደች፤ ከመንታዎቹ አንዱ ፋሬስ ነው፤ ማቴዎስም የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር በመጀመሪያው ምዕራፍ ስሟን ሳይደብቅ ጻፈው።

ይህን ምንባብ በእሑድ ቅዳሴ ብዙ አንሰማውም፤ ለአፍ የሚከብድ ስለሆነ ይመስለኛል። እኔ ግን ከፋዩ ራሱን ያወቀበት ምዕራፍ በመሆኑ ከምወዳቸው አንዱ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 በጌታችን ፊት ያቆሟት ሴት ብቻዋን ነበረች፤ የሙሴ ሕግ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 20 ሁለቱም እንዲቀጡ ቢያዝዝም ወንዱን ማንም ይዞ አልመጣም። ዛሬም እንደዚያው ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. የጎዳና ሴተኛ አዳሪነትን የሚከለክል ሕግ እንደሚያወጣ ባስታወቀ ጊዜ ሰው ሁሉ የተነጋገረው ሴቶቹ ከመንገዱ ስለሚነሡበት መንገድ ነበር። መኪናውን አቁሞ መስታወቱን ዝቅ ስለሚያደርገው ሰው ሲነገር ብዙ አልሰማሁም። ይሁዳ በትሩን እስኪያይ ድረስ ነገሩ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለው ነበር።

አሁን ደግሞ «ቢያንስ ገንዘብ እሰጣታለሁ፤ እየረዳኋት ነው» ለሚለው ወንድም አንድ ነገር ልንገረው።

ከእነዚህ ከተሞች በአንዱ፣ በየትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ አንዲት ልጅ ከቅዳሴ በኋላ ሰው እስኪወጣ ጠብቃ ወደ እኔ መጣች። ወደ እናቷ አገር የምትመለስበት የመሳፈሪያ ገንዘብ ፈልጋ ነው። የእኛ ምእመን አልነበረችም፤ የመጣችው ማንም አያውቀኝም ብላ ይመስለኛል። ገንዘቡን ልሰጣት ስል ግን አልቀበልም አለች፤ «አባ፣ ዕዳ አለብኝ፤ እትዬ ዕዳሽን ሳትጨርሺ አትሄጂም ብለውኛል» አለችኝ። የዕዳውን ደብተር ኋላ አየሁት። የአልጋ በየቀኑ፣ የምግብ፣ ስትመጣ የተገዛላት ጫማና ቀሚስ፣ የፀጉር፣ የታመመች ጊዜ የመድኃኒት፣ ሰካራም የሰበረው ብርጭቆ ሳይቀር በስሟ ተጽፏል። ከወንዶቹ የምትቀበለው ሁሉ ለዚህ ደብተር ይገባል፤ በሦስት ወር ውስጥ ዕዳው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። እንግዲህ፣ ወንድሜ ሆይ፣ «እየረዳኋት ነው» ያልኸው ገንዘብ የገባው ወደዚያ ነው፤ የሰንሰለቷን ቀለበት አንድ በአንድ የገዛኸው አንተ ነህ።

ይህ ተንኮል አዲስ አይደለም። የእኛ የዐፄ ካሌብ ዘመን ሰው የነበረው የቁስጥንጥንያው ንጉሥ ዮስቲንያኖስ እ.ኤ.አ. በ535 ዓ.ም. በደላሎች ላይ ባወጣው ሕግ ያው ነገር ተመዝግቦ ይገኛል። ደላሎቹ በየአውራጃው እየዞሩ ድሆች ልጃገረዶችን በጫማና በልብስ ያታልላሉ፤ ወደ ከተማው ወስደው በቤት ይዘጉባቸዋል፤ ውል ያስፈርሟቸዋል፤ ልትወጣ የፈለገችውንም በውሉ ያስሯታል። ንጉሡ ደላሎቹ ከከተማው እንዲወጡ፣ ውሉም ፈራሽ እንዲሆን አዘዘ። በጫማና በልብስ! ደብተሩን ባየሁ ጊዜ ያነበብሁት የ1,500 ዓመት ታሪክ ትዝ አለኝ።

የእኛም ሕግ በዚህ ረገድ ዝም አላለም፤ ይህን ግን ልጆቹ አያውቁም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1716 ለሕግ ወይም ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ የሆነ ግዴታ የሚያቋቁም ውል ፈራሽ መሆኑን ይደነግጋል። ለዚህ ሥራ ማሰሪያ ተብሎ የተጻፈ ዕዳ በፍርድ ቤት ማስፈጸሚያ አያገኝም። በዕዳ ምክንያት ሰውን በር ዘግቶ ወይም ልብሱን ወይም መታወቂያውን ይዞ ማስቀረት ደግሞ ሕገ ወጥ ነው፤ ሰውን ከሕግ ውጭ ይዞ ማቆየት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 585 ያስቀጣል። አንድ የሕግ ባለሙያ የሆነ ምእመናችን ይህን አስረድቶን ሦስታችን ወደ ቡና ቤቱ ሄድን። ባለቤቲቱ ክፉ ሰው ናት ለማለት አልደፍርም፤ እርሷም በልጅነቷ በዚሁ መንገድ እንደመጣች ኋላ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ተቆጣች፤ ቀጥላም፣ «ለመሆኑ እኔ ቤት ስንት ትልልቅ ሰው እንደሚገባ አባ ያውቃሉ?» አለችኝ። አዎን፣ አውቃለሁ አልኋት። አንቀጹ ሲነበብላት ግን ጠባቂውን ጠርታ የልጅቱን ሻንጣ አስመጣች።

ልጅቱ በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደች። ከደረሰች በኋላ አንድ ጊዜ በሰው ሰላምታ ልካልኛለች፤ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። በዚያው ሳምንት በእርሷ ወንበር ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣ አይቻለሁ። ይህን የምነግራችሁ አንቀጽ ማንበብ ብቻውን እንደማይበቃ እንድታውቁ ነው፤ ወንበሩ ባዶ የማይሆነው የሚፈልገው ስላለ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ነገር የምታስተምረው ግልጽ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም ባወጣው ሰነድ፣ በቁጥር 27፣ ሴተኛ አዳሪነትንና በሴቶችና በሕፃናት መነገድን የሰውን ክብር ከሚያዋርዱ፣ ፈጣሪንም ከሚያሳዝኑ ነውሮች መካከል ቆጥሯቸዋል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2355 የሚከፍለው ሰው ከባድ ኃጢአት እንደሚሠራ፣ በጥምቀት የተቀበለውን ንጽሕና እንደሚሽርና የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ የሆነውን ገላውን እንደሚያረክስ ይናገራል። ድርጊቱ ለሁለቱም ወገን ከባድ ኃጢአት ሆኖ ሳለ፣ ድህነት፣ ማስፈራራትና የኅብረተሰብ ግፊት ተጠያቂነትን ሊያቀልሉ እንደሚችሉ ያክላል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ፤ ድህነትና ማስገደድ ያለባት ማን ናት? በኪሱ ገንዘብ ይዞ፣ ከቤቱ ራት በልቶ፣ በራሱ እግር የሚሄደው ሰው የሚያቀርበው ማቅለያ ምንድር ነው? ሰዎች ሚዛኑን ገልብጠውታል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ ትመዝናለች።

ሚዛኑን የገለበጥነው ግን እኛም በደጃችን ነን። ወንዱ በበዓል ቀን ነጭ ነጠላውን አጣፍቶ ሲመጣ ፊት ወንበር እንለቅለታለን፤ ለጣራ ማደሻ የሰጠውንም ገንዘብ በምስጋና እንቀበላለን። ያቺ ልጅ ብትመጣ ምን ያህሎቻችን ትንሽ ጠጋ ብለን ቦታ እንሰጣታለን? ዕድር አይቀበላትም፤ በሞተችም ጊዜ ከጓደኞቿ በቀር የሚሸኛት የለም። እንዲህ ያለ ቀብር አንድ ጊዜ ፈጽሜአለሁ። ስድስት ሴቶችና አንድ የባጃጅ ሹፌር ነበሩ። ለዕንጨቱና ለከፈኑ ያዋጡት እነርሱ ናቸው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 በሮም ከዚህ ሕይወት የወጡ 20 ወጣት ሴቶችን በሚኖሩበት ቤት ሄደው ጎበኟቸው፤ ስለ ክርስቲያኖችም ሆነው ይቅርታ ጠየቋቸው፤ በእነዚህ ሴቶች ላይ ከሚወጡት ከፋዮች ብዙዎቹ የተጠመቁ ናቸውና። እኛ በወልድያ ይህን ይቅርታ ገና አልጠየቅንም። በወሎ ደግሞ ጉዳዩ የክርስቲያኑ ብቻ አይደለም፤ ከሙስሊም ወንድሞቻችን ጋር አብረን እንደምንኖር በዚህም አብረን ልንነጋገር ይገባናል። ስለዚህ ነገር ያነጋገርኋቸው አንድ ሸኽ የነገሩኝም ከእኔ የተለየ አልነበረም።

ሰውየውን ዳግመኛ አግኝቼዋለሁ፤ በወልድያ ገበያ፣ ከባለቤቱና ከትልቋ ልጁ ጋር። ልጁ ስምንተኛ ክፍል እንደሆነች ነገረኝ። ሕጉን አላነሣሁበትም፤ እርሱም አላነሣውም። ሊሰናበተኝ እጄን ሲስም ግን፣ «አባ፣ ያን ዕለት መርሳ ላይ ያየናቸው ልጆች፣ በመካከል የነበረችው፣ ስንት ዓመቷ ይመስልዎታል?» አለኝ።

ዕዳ አለብሽ ተብላ የተያዘች፣ ወይም ዕድሜዋ ከ18 ዓመት በታች የሆነች ልጅ የምታውቁ ሁሉ ለአካባቢው ፖሊስ፣ ለዐቃቤ ሕግ ወይም ለወረዳው የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ትችላላችሁ። ብቻችሁን መሄድ ከፈራችሁ ወደ ቁምስናችን ኑ፤ አብረን እንሄዳለን። ለመሳፈሪያ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ አስቀምጠናል። እ.ኤ.አ. የካቲት 8 ቀን በልጅነቷ ተሽጣ የነበረችው የሱዳኗ ቅድስት ጆሴፊን ባኪታ የምትታሰብበት፣ ከ2015 ጀምሮም በሰው መነገድን በመቃወም የሚጸለይበት ዕለት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 30 ወይም የካቲት 1 ቀን ላይ ይውላል። በዚያ ቀን በሚደረገው ጸሎት የቤተሰብ አባቶች ሁሉ እንዲገኙ እንጠይቃለን፤ እናቶች በየዓመቱ ይመጣሉ።